የውጭው ጎማ

ሳልሚያ፣ ሰባተኛ ፎቅ፤ ነሐሴ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል።
ኤሲው ያንኮራፋል። ሚሻሪ ተኝቷል።
መኪናው ግን ወጥ ቤት ደጅ፣ አፍንጫውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ
ቆሟል፣ እንደ ሰከረ ሾፌር መታጠፊያውን አልፎ።

ሺህ ምናምን ቁራጭ፣ ቀይ ፕላስቲክ፣ ለልደቱ የመጣ፤
በሩ ይከፈታል፣ ኮፈኑ ይነሳል፣ መልክስ አላጣ።
መሪው ነው የይስሙላ፤
ጎማው ዘንበል የሚል ለሰላምታ እንጂ፣ አይደለም ለሌላ።
ለመዞር አምስት ሴራሚክ ይፈጃል፤ ቆጥሬዋለሁ።
(እኔ ያላወቅሁት ማን ሊያውቀው? በየጠዋቱ በጉልበቴ እሄድበታለሁ።)
ኮሪደሩ ደግሞ ሦስት ሴራሚክ ነው ወርዱ።
ያለቅሳል ልጁ፤ «ሌላ ግዙልኝ» ነው ፍርዱ።

አባቴ ይማም፣ ኮምቦልቻ፣ ከአሰብ መንገድ ዳር፣
ከኤንትሬ ሆድ ሥር ነበረ የሚያድር።
ከፊቱ ይልቅ እግሩን ነው በደንብ የማውቀው።
«ቁልፍ አሥራ ሰባት!» ይላል ከሥር፤ «ካቻቪቴ! ፒንሳ!»
እጁ ብቻ ይወጣል፤ አቀብላለሁ፣ ሳልሳሳት፣ ሳልረሳ።
ሰሚአሴ፣ ክሮቼራ፣ ኩሽኔታ፣ ኮሮና ከነፒኞኑ፤
የአጎቶቼ ስሞች እንኳ ከነዚህ ኋላ ነው የተጠኑ።
የመጣሁበት ወረቀት ግን «የቤት ሠራተኛ» ይላል፤
ከዚያ ወዲያ መስመሩ ያልቃል።

በፍሪጁ መብራት ሆዱን ከፈትኩት።
እንደጠረጠርኩት፦
ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ተሰክተው፣
እኩል ካልዞርን ብለው፣ በእልህ ተሳስረው።

«ዲፈረንሻል ለምን አስፈለገ?» ብዬው ነበር በልጅነቴ፤
በግሪስ ጣቱ ሁለት ቅስት ሠራ፣ አፈሩ ላይ፣ አባቴ።
«ይኸ የውስጥ ጎማ ነው፤ አጭር ነው መንገዱ።
ይኸ የውጭው፤ ብዙ ነው ፍዳው፣ ብዙ ነው መሄዱ።
እኩል ካሰርሻቸው አንዱ ይፋቃል፣ ሌላው ይሰበራል፤
ለየልኩ የሚያካፍል ዳኛ መሀል ያስፈልጋል።»

«ውጭ» የሚለውን ቃል ያኔ በጎማ ብቻ ነበር የማውቀው።

ካምናው ትራክተሩ ሆድ ዲፈረንሻሉን አወጣሁ፤
ሦስት ሚጢጢ ማርሽ፣ ባለ አሥራ ሁለት ጥርስ፤ በጥፍሬ ሰካሁ።
ጠቅ ባለ ቁጥር ትንፋሼን እውጣለሁ፤ የማዳም እንቅልፍ ቀጭን ነው።
ዘንጉን ለሁለት ከፈልኩ፤ ሰሚአሴ ቀኝ፣ ሰሚአሴ ግራ።
የመሪውን ክንድ በአንድ ቀዳዳ አሳጠርኩ፣ ጎማው እንደ ልቡ እንዲያመራ።
ፓራፋንጎውን ሲታከክ፣ ፓራፋንጎውን በአንድ ጡብ ከፍ።

ሪሞቱን ወደፊት ብለው፣ ወደ ኋላ ተፈትልኮ ከፍሪጁ ተላተመ!
ኮሮናውን በተቃራኒ አግብቼው ኖሯል።
(አባቴም አንዴ ሠርቷታል፤ ስሚንቶ የጫነ ኤንትሬ
አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደፊት፤
ኮምቦልቻ ሳምንት ሙሉ ሳቀች፤ ይወራል እስከ ዛሬ።)

ገለበጥኩት። እንደገና።
አንድ ሴራሚክ፣ ሁለት፣ በሦስተኛው ዞረና
ወጥ ቤት ገባ።
ትንሽ ወደ ቀኝ ይስባል። እሱ የነገ ነው።

ዓርብ አጎቱ መጣ፣ የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲስ፤ አገላብጦ አየ።
«ማነው የሠራው?» ብሎ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ ቆየ።
ሚሻሪ እኔን አየ፤ እኔ ሽንኩርቱን።
«እኔ ነኝ» አለ፤ ሳሙት ግንባሩን።
ይሁን። ዲፈረንሻል ድሮም ከውጭ አይታይም።

ሌሊት፣ በካልሲው፣ ድምፅ ሳያሰማ መጣ።
ጂፕ ይዟል፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ፤ መሪው ከቦታው የወጣ።
አልተናገረም። ሴራሚኩ ላይ ቁጭ አለ።
እኔም በጀርባዬ ተንጋልዬ
ጂፑን ከፊቴ በላይ፣ ወደ ፍሪጁ ብርሃን ይዤ፣
«ባለ አሥራ ሁለቱን» አልኩ፤ ሳላይ፣ እጄን ዘርግቼ።

አቀበለኝ።
አልተሳሳተም።